«እናቴ ድምፄን ካልሰማች አታውቀኝም»፦ ከጎንደር ለመጣ ጥያቄ የነርቭ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው አዘዞ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ሌሊቱን ራሷን ሲፈልጣት አድሮ ጠዋት ስትነሣ የገዛ ቤቷ ተምታታባት። ሆስፒታል ወስደናት ሲቲ ስካን ተነሣች፤ ስትሮክ ነው ተባልን። አሁን ሁለት ወር ተኩል ሆኗታል። እጅ እግሯ ደህና ነው፤ አጥርታ ትናገራለች፤ የቆየውንም የሰሞኑንም ታስታውሳለች። ሰው ግን አታውቅም። እኔ ልጇ ፊቷ ቆሜ ዝም ብላ ታየኛለች፤ ‹እማየ› ስላት ‹ውይ፣ አንች ነሽ እንዴ!› ትላለች። ከቅዳሴ ስንወጣ ጎረቤቶቻችንን ሳትስም እያለፈች ሰው ተቀይሞናል። አንድ ክሊኒክ መነጽር አዘዘላት፤ የለወጠው ነገር የለም። ዘመዱ ግማሹ መርሳት ጀምሯታል፣ ግማሹ መንፈስ ነው ጠበል ትግባ ይላል። ይህ ምንድን ነው? ይድናል ወይ? እኛስ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እናትሽ አልረሱሽም። ይህን ያልኩት ላጽናናሽ ብቻ አይደለም፤ የጻፍሽው ራሱ ይመሰክራል። «እማየ» ባልሽ ጊዜ ማን እንደሆንሽ፣ ትናንት ምን እንደተባባላችሁ፣ ከዓመታት በፊት ያስቀየምሻቸው ነገር ሳይቀር ይመጣላቸዋል። መርሳት የጸናበት ሰው ድምፅ ስለሰማ ብቻ እንዲህ አይመለስም። እናትሽ ዘንድ ስለ አንቺ ያለው ሁሉ በቦታው አለ፤ የተቋረጠው ፊትሽን አይቶ ወደዚያ የሚያደርሰው መስመር ነው።

ይህ ሕመም በሕክምናው ፕሮሶፓግኖዥያ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ዮአኪም ቦዳመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጭንቅላታቸውን ቆስለው የዘመዶቻቸውን ፊት መለየት ስላቃታቸው ሰዎች ነበር የጻፈው። እንግዲህ በእናትሽ ላይ የደረሰው ከተመዘገበ ብዙ ዘመን የሆነው፣ መነሻውም የታወቀ የአንጎል ጉዳት ነው። እብደት አይደለም። ኩራትም አይደለም፤ ይህን ለጎረቤቶቻችሁ ደግማችሁ ንገሯቸው።

ፊት ማወቅ ድካም ስለሌለው አንጎል ለብቻው የሚለፋበት ሥራ አይመስለንም። ዓይን ያየውን የሚቀበለው ከማጅራት በላይ ያለው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ጆሮ አቅጣጫ፣ በአንጎል የታችኛው ገጽ በኩል የሚዘልቅ እጥፋት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካዊቷ የአንጎል ተመራማሪ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ በዚህ እጥፋት ላይ ከዕቃና ከቤት ይልቅ ለሰው ፊት አብልጦ የሚነቃ ሥፍራ በኤምአርአይ ለይተው አሳይተዋል። በግራም በቀኝም አለ፤ በአብዛኛው ሰው ግን የሚበረታው የቀኙ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ማየት ከፈለግሽ ስልክሽ ላይ ያለ የወንድምሽን ፎቶ ገልብጠሽ እዪው። ዓይኑም አፍንጫውም አፉም ይታይሻል፤ ማን እንደሆነ ለማለት ግን ትንሽ ትዘገያለሽ። ፊትን የምናውቀው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቆጥረን ሳይሆን ሁሉንም ባንድ ዕይታ ይዘን ነው፤ እናትሽ ዘንድ የጎደለው ይህ ነው።

ያን አካባቢ የሚመግበው በአንገት አጥንቶች ውስጥ አልፎ ከኋላ የሚመጣው የደም ሥር ነው። እጅና እግርን የሚያዘው ክፍል ደምን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሌላ መስመር ነው። ስለዚህ የኋለኛው ሲዘጋ ብዙ ጊዜ አፍ አይጣመምም፣ እጅ አይዝልም፤ ቤተሰቡም «ደህና ናት፣ አተረፈልን» ብሎ ይመለሳል። ራስ ምታቱም ከዚህ ዓይነቱ ስትሮክ ጋር በብዛት የሚመጣ ነው። ቤታቸው መምታታቱም እንዲሁ፤ መንገድን በምልክት የሚያውቀው የአንጎል ክፍል ፊትን ከሚያውቀው ጋር ጎረቤት ነው። አሁንም ከቅዳሜ ገበያ ብቻቸውን ሲመለሱ መታጠፊያው የሚጠፋባቸው ከሆነ ለሐኪማቸው ንገሪ። መነጽሩ ያልሠራውም ችግሩ ከዓይን ጀርባ ስለሆነ ነው፤ የክሊኒኩ ባለሙያ ዓይናቸውን ብቻ ስላየ ይሆናል።

ቤት ሆነሽ ልታረጋግጪ የምትችይው ነገር አለ። የሚያውቁትን ሰው ፎቶ አሳዪአቸውና ይህ የሰው ፊት ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ሴት ናት ወንድ፣ ልጅ ነው ትልቅ ሰው፣ እየሳቀ ነው ወይስ ተቆጥቷል። እንደ እናትሽ ያሉ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ሁሉ በትክክል ይመልሳሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ወደ ጣሪያው ቀና ቢሉ የመላእክቱን ፊት ፊት ነው ብለው ያዩታል። የሚቆሙት «ማን ነው?» ሲባሉ ነው።

በውጭ አገር ለዚህ ምርመራ የተዘጋጁት የታዋቂ ሰዎች ፎቶዎች ለእኛ እናቶች አይሆኑም፤ ጤነኛዋም እናት የማታውቃቸው ፊቶች ናቸው። እኔ የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል አስቀድማለሁ። እንደ እናትሽ ያሉ ሕመምተኞች ሹሩባውን እንዳዩ «መይሳው!» ይላሉ፣ ፊታቸውም ይፈካል። ከዚያ ፀጉሩን በወረቀት ሸፍኜ መልሼ አሳያለሁ። ወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን ተክለው «ወንድ ነው… ጎልማሳ ነው… ቁጡ ይመስላል…» ብለው ያቆማሉ። ያወቁት ሹሩባውን እንጂ ፊቱን አልነበረም። ቀጥዬ የጎንደሯን ተወላጅ የአስቴር አወቀን ፎቶ አቀርባለሁ፤ ዝም ይላሉ። ድምፅዋን ከስልክ ሳሰማ ግን ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ስሟን ይጠራሉ። ይህን አይቼ የማስታወስ ችግር ነው ልል አልችልም።

እንዲህ ካሉት ጋር የሚሄዱ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ሐኪሙ ባይጠይቅሽ አንቺ አንሺለት። አንዱ ከግራ በኩል፣ በተለይ ከላይ ያለው የዕይታ ክፍል መጋረዱ ነው። እናትሽ ያንን ላያውቁት ይችላሉ፤ የበሩ ግራ መቃን ትከሻቸውን ሲመታቸው፣ ከላይ መደርደሪያ ያለውን ዕቃ ሳያዩት ሲቀሩ ታያለሽ። ሁለተኛው ቀለም ነው። ነጭ ጤፍና ሠርገኛ ጤፍ በሁለት ሰሃን አቅርቢላቸው፤ ሁሉም ግራጫ መስሎ ከታያቸው ጉዳቱ ወደ ቀለም ክፍሉም ደርሷል። ቤታችሁ ከብት ካለ ደግሞ ላማቸውን ከጎረቤት ላም ይለያሉ ወይ? ይህን ዝም ብዬ አልጠየቅኩም። ከስትሮክ በኋላ የከብቶቻቸው መለያ የጠፋባቸው ገበሬዎች ተመዝግበዋል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎቹ ማክኒልና ዋሪንግተን የጻፉለት አንድ እንግሊዛዊ ነበር፤ የሰው ፊት መለየት ካቃተው በኋላ በግ ማርባት ጀምሮ የበጎቹን ፊት አንድ በአንድ ይለይ ነበር። ጉዳቱ ከሰው ሰው እንደሚለያይ አስቢው፤ የእናትሽን ስፋት የምታውቁት እናንተው እየተከታተላችሁ ነው።

ዘመዶችሽ «መርሳት ነው» ያሉት ሊገባኝ ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ይመሳሰላል። መለያው ድምፁ ነው፣ የጀመረበትም ሁኔታ ነው። የእናትሽ በአንድ ሌሊት መጣ፣ ከዚያም አልባሰም። ቀስ በቀስ፣ በወራትና በዓመታት ውስጥ ፊት መለየት እያቃተው የሚሄድ፣ በኋላም ድምፁንም ስሙንም ሰውየውንም የሚያጣ ሰው ካለ ያ ሌላ ነው፤ የቀኝ ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው አንጎል እየሟሸሸ የሚሄድበት በሽታ አለ። ሌላም እንዳይምታታብሽ፦ «መልኳ የልጄ ነው፣ እሷ ግን ልጄ አይደለችም፤ ተመስላ የመጣች ናት» የሚል ሕመምተኛ አለ። እሱ ፊቱን አውቆታል፤ ያጣው ከፊቱ ጋር የሚመጣውን የቅርበት ስሜት ነው። ያ የእናትሽ ተቃራኒ ነው፣ ሕክምናውም የተለየ ነው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ አልከለክልሽም። እናትሽ እምነታቸው የሚያጽናናቸው ሰው ከሆኑ ይሂዱ። ግን መድኃኒታቸውን አንድ ቀንም አያቋርጡ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ለኤችአይቪ መድኃኒት ወሳጆች ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይሁን ብለው በይፋ መናገራቸውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ለደም ግፊትና ለደም ማቅጠኛ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ብቻቸውን ግን አትስደዷቸው። ጠበል ቦታ ሁሉም ነጭ ለብሶ ይገፋፋል፤ አጠገባቸው የነበረችው ልጃቸው ዞር ካለች መልሰው አያገኟትም። እጃቸውን ይዛ እየተናገረች የምትቆይ ሰው ትኑር።

ይድናል ወይ ላልሽው፣ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ ተስፋ ቁረጪም አልልሽም። ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት የአንጎሉ እብጠት ሲቀንስና የተረፈው አንጎል ሲለምድ የሚሻላቸው አሉ። የቀኙ ብቻ ተጎድቶ ግራው ከተረፈ የመሻል ዕድሉ ሁለቱም ከተጎዱበት የተሻለ ነው። ሁለት ወር ተኩል ገና ነው። ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ግን የቀረው እየጸና ይመጣል፤ የሞተውን ክፍል የሚመልስ ኪኒንም ቀዶ ጥገናም የለም። ልምምድ ይረዳል፤ ጥቂት የቅርብ ሰዎችን በአንድ ምልክታቸው፣ ለምሳሌ በቅንድብ ወይም በጉንጭ ጠባሳ፣ ደጋግሞ ማስጠናት ይቻላል። የተማሩት ግን ለእነዚያ ሰዎች ብቻ ይሆናል፤ አዲስ ለመጣ እንግዳ አይሠራም።

ልብሽን ያሳመመው «እናቴ አየችኝና ምንም አልተሰማትም» የሚለው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 የአንጎል ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ትራኔልና አንቶኒዮ ዳማዚዮ ፊት የማያውቁ ሕመምተኞችን ፎቶ እያሳዩ የእጃቸውን ቆዳ ላብ በመሣሪያ ለኩ። ሕመምተኞቹ «ይችን አላውቃትም» እያሉ ቆዳቸው ግን ለሚያውቁት ሰው ፊት ከእንግዳው ይልቅ ጎላ ያለ ምላሽ ሰጠ። በሁሉም ሕመምተኛ ላይ አይታይም፤ ፊቱን ከመነሻው አጥርቶ ማየት ባቃተው ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቢሆንም ዝም ብለው ሲያዩሽ በውስጣቸው ምንም የለም ብለሽ አትደምድሚ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምትችይው ነገር ልምጣ፤ እኔም ከመድኃኒቱ እኩል የምመዝነው ይህን ነው። ማወቅ እስካሁን የእናትሽ ግዴታ ነበር። ከእንግዲህ መታወቅ የእናንተ ሥራ ይሁን።

መጀመሪያ «አወቅሽኝ?» የሚለውን ጥያቄ ከቤታችሁ አስወጡ። እኛ ዘንድ ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ አልጋው አጠገብ ቆሞ «እስኪ ማን ነኝ?» ይላል። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ለእናትሽ ግን በቀን ደጋግሞ የሚመጣ፣ ሁልጊዜም የሚወድቁበት ፈተና ነው። እየሳቁ «እንዴት አላውቅሽም» ይላሉ፤ ሰዓቱን ሙሉ ማን እንደሆነች ከወሬዋ ለማጥመድ ይደክማሉ፤ እንግዳዋ ስትወጣ ራሳቸውን ያማቸዋል። እያደር ሰው መምጣቱን ይጠላሉ፣ ቤት መውጣት ያቆማሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ድብርት ነው፤ እንቅልፍና ምግብ ከቀነሱ፣ ቡናውን ከተዉ ለሐኪም ንገሪ፣ ሕክምና አለው።

በምትኩ የገባ ሁሉ ከበሩ ሳያልፍ ስሙን ይናገር፦ «እማየ፣ እኔ ነኝ» ብቻ አይበቃም፣ ስም ይጨመር። ጓዳ ደርሰሽ ብትመለሺም ድገሚው። ጮክ ማለት አያስፈልግም፣ ጆሯቸው ደህና ነው። ቡና ሲፈላ አንድ ሰው ያስተዋውቅ፦ «እትየ እገሊት መጣች፣ ከበሩ በስተቀኝ ተቀምጣለች»። ሰው ቦታውን አይቀያይር። ልጆቹ እያንዳንዳቸው የማይለወጥ አንድ ምልክት ይኑራቸው፤ የአንዱ ቀይ ማተብ፣ የሌላዋ አምባር። አንቺም ፀጉርሽን ተሠርተሽ ከመጣሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። መስታወት ፊት ሲቆሙ የገዛ ፊታቸው እንግዳ ቢሆንባቸው አትደናገጪ፤ ያም የዚሁ አካል ነው።

ለዕድሩና ለማኅበሩ አንድ ጊዜ በግልጽ አስነግሩ። ሊቀ መንበሩ ከስብሰባው መጨረሻ ላይ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «ወይዘሮ እገሌ ታመው የሰው ፊት መለየት አቅቷቸዋል። ዓይናቸው ያያል፣ ልባቸውም ያውቃል። ስታገኟቸው ቀድማችሁ ስማችሁን ንገሯቸው።» የጎንደር ሰው ሰላምታ ሲነፈግ ይቀየማል፤ ምክንያቱን ከሰማ ግን ከዚያ ማዶ ሆኖ ስሙን እየጠራ ይመጣል። መደበቁ ነው ሐሜት የሚያመጣው።

ቤተ ክርስቲያን ላይ የሚብስባቸው ለምን እንደሆነ አስተውለሽ ይሆናል። በሥራ ቀን ሰውን በሻሹ፣ በካፖርቱ፣ በአረማመዱ ይለያሉ። እሑድ ግን ሁሉም ነጠላ ለብሷል፣ ፀጉር ተሸፍኗል፣ ቆሞ ስለሚያስቀድስ አረማመድ የለም፣ ስለሚጸልይ ድምፅ የለም። የሚረዳቸው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወሰዳል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቁሙ፣ አጠገባቸው የምትቆመው ሰውም አትቀያየር። ጥምቀትም እየመጣ ነው። ቤት አታስቀሯቸው። ከተራ ዕለት ታቦት ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ ግፊያው ይከብዳቸዋልና ከመንገዱ ጠርዝ፣ ግራቸውን በአንቺ በኩል አድርገሽ ያዣቸው፤ ከነጠላቸው ሥር ስልክ ቁጥርሽን የያዘ ወረቀት ይኑር።

ጥንቃቄውን በአጭሩ ልንገርሽ። «የወንድምሽ ልጅ ነኝ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሊመጣ ይችላልና ስልክ ደውለው ድምፅ ሳይሰሙ ብር አይስጡ። የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት እንዲያመጡ አትላኳቸው። የግራ ዕይታቸው ከተጋረደ ባጃጅ ከዚያ በኩል ሲመጣ አያዩትምና መንገድ ብቻቸውን አይሻገሩ፤ ከሰል ምድጃውም በቀኛቸው ይቀመጥ።

ስትሮኩ ለምን መጣ የሚለው ካልተመለሰ ከላይ ያልኩት ሁሉ ጎዶሎ ነው። የደም ግፊትና ስኳር መለካት አለበት፤ የልብ ምት የሚመዘግበው ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ምርመራም ያስፈልጋል። እኛ አገር በልጅነት የቶንሲል ሕመም የልብ ቫልቭ የተጎዳባቸው ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ልብ ምቱ ሲዛባ ውስጡ ደም ይረጋል፤ ያ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ይሄዳል። ለዚህ አስፕሪን አይበቃም፣ ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ ነው የሚታዘዘው፣ የደም ምርመራውም በቀጠሮ ይደረጋል። ዋርፋሪን ከጀመሩ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ጎመን ኃይሉን ይቀንሰዋል። ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን፣ ሲፈታ ጭራሽ መተው መጠኑን ያናጋዋል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ ይሁን። ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጧቸው፣ ከዋርፋሪን ጋር ደም ያፈሳል። የልብ ምርመራው እስካሁን ካልተደረገ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ቀጠሮ ያዢ፤ የሲቲ ስካኑን ፊልም ይዘሽ ሂጂ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስለሚኖሩ፦ ተመሳሳይ ነገር ከመኪና አደጋ ወይም ከዱላ ምት በኋላ፣ ከአንጎል ዕጢ፣ አንጎልን ከሚያቃጥል የቫይረስ ሕመምም ይመጣል። ቤት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛትም ያዩትን መለየት የሚያሳጣ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ምንም ሳይመታቸው ፊት የማይለዩም አሉ፤ የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል ስለ ራሷ ይህን ተናግራለች።

ለእናትሽ የምፈራው ሁለተኛ ስትሮክ ነው። የቀኙ ተጎድቶ ሳለ የግራው የኋላ ክፍል ደግሞ ቢመታ የቀረውን የፊት ማወቅ ብቻ ሳይሆን ዕይታቸውን ጨርሶ ሊወስድ ይችላል። ድንገት ግማሽ ዕይታቸው ቢጨልም፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ቢታያቸው፣ ሲቆሙ ቢያንገዳግዳቸው፣ አፋቸው ቢጣመም፣ ንግግራቸው ቢተሳሰር ወይም እጃቸው ቢዝል፣ ቢያልፍላቸውም እንኳ እስኪነጋ አትጠብቁ። የጀመረበትን ሰዓት ጻፊ፣ መድኃኒቶቻቸውን ከነማሸጊያቸው ያዢና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።